አንቱ የተባለ ቡና

«ያስቀምጡት፤ ገና ነው» አሉኝ ክቡር ሚዛን፣ ስኒውን ከንፈሬ ላይ ሳላደርሰው። «ቡናው እያረፈ ነው።»

«ከምን ሥራ ነው የሚያርፈው?»

«ከመፍላት።»

አልሳቁም። ዓይናቸውን ከትንሿ ደቂቃ ቆጣሪ ሳይነቅሉ፣ ትራፊክ ፖሊስ መኪና እንደሚያስቆም መዳፋቸውን በእኔና በስኒው መካከል ዘረጉ። ከጭንቅላታችን በላይ ያን ዕለት ጠዋት የሰቀሉት አዲስ መደርደሪያ አለ። ከፍሪጁ አናት ላይ ድመቷ ቁልቁል ታየናለች።

«እርስዎም ከዚያ ይውረዱ እንጂ» አሉ።

ድመቷን ነው።

በየሕንፃው እንዲህ ያለ ሰው አንድ አለ። እናንተ ሕንፃ ውስጥ ከሌለ ገና አልገባም ማለት ነው። ሲጀምር የሚገዛው አንድ ዕቃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ወፍጮ። ወፍጮው ሚዛን ይጠይቃል። ሚዛኑ አንገቱ የቀጠነ ማንቆርቆሪያ ይጠይቃል፣ ማንቆርቆሪያው ቴርሞሜትር፣ ቴርሞሜትሩ የተጣራ ውሃ። ሁሉም ተሰብስበው ቦታ ይጠይቃሉ። ያኔ የምግብ ጠረጴዛው ይወጣል። ሰውየው ከዚያ በኋላ ቆሞ ይበላል፤ ቡናው ግን ተቀምጦ ያርፋል። እንግዳ ሲመጣ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ያስተዋውቃል፣ እንግዳውም የቤቱ ልጆች ይመስል «አደጉ» ይላል። ቡናው ሲቀርብ በርዷል። ይህም ሆን ተብሎ ነው፤ ጣዕሙ የሚወጣው ሲበርድ ነው ይባላል።

የእኛ ሕንፃ ድርሻ ክቡር ሚዛን ናቸው። ከእኔ ወለል በላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ስሙን ያወጣላቸው ጥበቃው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ገበያ ለገበያ እየዞሩ የነጋዴውን ሚዛን የሚፈትሹ፣ የተጣመመውን የሚያሽጉ። ሥራው ሲለቃቸው «እኛ በግምት አንሠራም» የምትለውን ንግግር አብሯቸው ለቀቃት። መጀመሪያ ስሰማት ከኋላቸው ሌላ ሰው ፈለግኩ። ማንም አልነበረም።

ሌላው ከሥራ ያመጡት ነገር አንቱታ ነው። ክቡር ሚዛን «አንተ» እና «አንቺ» የሚሉ ቃላት ከአፋቸው አይወጡም። ቧንቧ ሠሪው አንቱ ነው። ደረጃ ላይ ኳስ የሚያንከባልለው ሕፃን አንቱ ነው። ተሳስቶ የደወለ ሰው አንቱ ነው፤ ያውም ትክክለኛውን ቁጥር እንዲያገኝ ተመኝተውለት ነው የሚዘጉት። ምክንያታቸውን ነግረውኛል።

«የሰው ሚዛን ሊያሽጉ ሲሄዱ በእጅዎ ያለው ጋሻ አክብሮት ብቻ ነው» አሉኝ።

ማስረጃም አላቸው። አንድ ሥጋ ሻጭ ሚዛኔን አታሽግም ብሎ ቢላዋ እንደያዘ ከባንኮኒው ዘሎ ወጣባቸው። «እባክዎ መጀመሪያ ቢላዋውን ይጥረጉት» አሉት። ሰውየው ጠረገው። ጠርጎ ሲጨርስ ምን ሊያደርግበት እንደነበር ጠፋው። ሚዛኑ ታሸገ። ታሪኩን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ቢላዋው በየጊዜው ይረዝማል። በአንድ ግራም እንኳ የማይደራደሩት ሰውዬ በቢላዋ ርዝመት ላይ ግን በግምት ይሠራሉ።

የቡና ማፍያውን ጥግ «ጣቢያው» ነው የሚሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደውሉልኝ «ጣቢያ ይፈለጋሉ» አሉኝ። ዕድሜውን በጋዜጣ ቤት ለጨረሰ ሰው እንዲህ ያለ ስልክ አይመችም። ጃኬቴን ለብሼ፣ መታወቂያዬን ኪሴ ከትቼ፣ ምን ጽፌ እንደሆነ እያሰብኩ ደረጃውን ልወርድ ስል ድምፃቸውን ከላይ ሰማሁት። «ወደዚህ ነው፤ ውሃው ደርሷል።»

ቡና ሲገዙም እንዲሁ ናቸው። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ቡና የሚቆላው ነጋዴ ፍሬውን መዝኖ ሲሰጣቸው ከቦርሳቸው የራሳቸውን ሚዛን አውጥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«አባባ፣ አያምኑኝም እንዴ?» አላቸው።

«እርስዎን አምናለሁ። ሚዛንዎን አላውቀውም።»

ሚዛኑ ትክክል ነበር። ነጋዴው ግን ከዚያ ወዲህ እኛን ሲያይ ወደ ጓዳ ይገባል።

ጉንፋን የያዛቸው ጊዜ ደግሞ ደወሉና፣ «አፍንጫዬ ተዘግቷል፤ የእርስዎን ይዘው ይምጡ» አሉኝ። ይዤ ሄድኩ። የቡና ብልቃጦቻቸውን አንድ በአንድ እየከፈቱ አስሸተቱኝ፣ የምለውን እያዳመጡ በየመሐሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሐኪም የበሽተኛን ሆድ እየነካ «እዚህ ጋ ያምዎታል?» እንደሚል።

ጣቢያው በተከፈተ ሰሞን ሰው አልጠፋም። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ከሥራ ወጥታ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መጣች። እኔም ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ስኳር አለ?»

«ስኳር ምስክር ያባብላል። ቡናው ራሱ ይናገር።»

«እንዲናገር አይደለም የፈለግኩት፣ ዓይኔን እንዲገልጥልኝ ነው።»

«ይታገሡ፤ እያረፈ ነው።»

«እሱስ አረፈ ጋሼ። ያላረፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ስኒውን ሳትነካ ወጣች። አሁን ደረጃ ላይ ስታገኛቸው ከሩቁ ሰላም ብላ ታልፋለች፤ የቸኮለ ሰው ትመስላለች። ነርስ ስለሆነች ምናልባት እውነቷን ነው።

ጥበቃው ግን የቀረበለትን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ክቡር ሚዛን ጎንበስ ብለው ፊቱን አዩት።

«ምን ምን ይላል?»

ጥበቃው አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው።

«ቡና ቡና ይላል» አለ።

«ሌላስ? አበባ አበባ አይልም? ፍራፍሬ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ እኔ ያገኘሁት ቡና ብቻ ነው።»

ዳግመኛ አልተጠራም። እሱም አልተቀየመም፤ ጠዋት በሩ ላይ ሲያገኘኝ «ዛሬስ ምን ምን አለ?» ይለኛል።

እኔ ብቻ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቁኝ ቅርብ ስለሆንኩ ነው እላለሁ። ታች ቤቴ ውስጥ የሚጠብቀኝ ያላለቀ ልቦለድ ነው፤ ልቦለድ ደግሞ «የት ቆየህ?» አይልም። ጣቢያው ውስጥ ከምግብ ጠረጴዛው የተረፉ ሁለት ወንበሮች አሉ። አንዱ የባለቤቱ ነው፣ ሌላው የቀማሽ።

ታች መንገዱ ዳር ጥሩ ካፌ አለ። እዚያ መጠጣት ሲቻል ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን እንዳመጡት አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ማጣሪያ ወረቀቱን በሙቅ ውሃ እያጠቡ ነበር፤ ሥራቸውን አላቆሙም።

«እዚያ አራት ነበርን» አሉ።

የሥራ ባልደረቦች ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም በየጠዋቱ አንድ ጠረጴዛ ይከቡ ነበር።

«አንዱ ልጃቸው ጋ ጠቅልለው ገቡ። አንዱ አረፉ። አንዱ አሉ፤ አሁን ግን አያውቁኝም።»

ጠረጴዛው ቀረ። ጠዋት ካፌው ይሞላል። ሰው ይመጣና የወንበሩን መደገፊያ ይዞ «ይሄ ሰው አለው?» ይላል። ክቡር ሚዛን መዋሸት አያውቁም። «የለውም» ይላሉ። ወንበሩ ይሄዳል። ሌላው ይመጣል፤ «ይሄስ ሰው አለው?» «የለውም።» ቡናው ሳይመጣ በፊት ጠረጴዛው ራቁቱን ይቀራል።

«አንድ ቀን ሰለቸኝና ስኒዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ» አሉ። «በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ የእኔንም ወንበር ሲጠይቁ ሰማሁ።»

«ማን መለሰላቸው?»

«አልዞርኩም።»

በዚያው ሄደው ወፍጮውን ገዙ።

ይህን የምጽፈው አንድ ነገር እንዲገባችሁ ነው። በቅርቡ ሐኪም ቡና ከለከለኝ። ልቤ ተቀምጬ እንኳ ደረጃ የምወጣ ይመስል ይሮጣል። «ይተዉት» አለኝ፤ ቀላል ነገር እንደሚናገር። እኔም በልቤ የቀማሹን ወንበር አየሁ። ለክቡር ሚዛን ቡና ትቻለሁ ማለት የወንበሩን መደገፊያ ይዞ «ይሄ ሰው አለው?» ከማለት አይለይም። ስለዚህ ዝም ብዬ መጠጣቴን ቀጠልኩ፤ ቀን ቡናቸውን፣ ማታ የልቤን ምት እያዳመጥኩ። ልቤ ደግሞ አንድ ማታ ጭራሽ አስፈራኝ። ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ዜና እንደምጽፍ ዋናውን ነገር መጀመሪያ መስመር ላይ አደረግኩት፤ «ጋሼ፣ ከዛሬ በኋላ ቡና አልጠጣም።» ሰበብ የለው፣ ዙሪያ ጥምጥም የለው።

ያን ቅዳሜ ነው እንግዲህ ስኒዬ ፊቴ ተቀምጦ የሚያርፈው።

ለራሳቸው ሌላ ውሃ ጥደዋል። አዲሱን መደርደሪያ በኩራት አሳዩኝ። ግድግዳውን በትራፓኖ የበሱት ራሳቸው ናቸው። ውሃ ልኩን አምጥተው እንጨቱ ላይ አስቀመጡልኝ፤ አረፋዋ በትክክል መሐል ላይ ቆመች።

«እኛ በግምት አንሠራም» አሉ።

እንጨቱ አንድ ፀጉር ታህል አልተዛነፈም። ግድግዳው ግን የብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። ውሃ ልክ ይህን አይናገርም። እሳቸው ደግሞ ብልቃጡን ሁሉ፣ ከባዱን ወፍጮ ጭምር እዚያ ደርድረውበታል።

«ጋሼ» አልኩ። «አንድ ነገር ልነግርዎ ነበር።»

«ይንገሩኝ» አሉና የፈላውን ማንቆርቆሪያ ሊያነሱ እጃቸውን ሰደዱ። ከላይ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የግድግዳው ቀለም ሲሰነጠቅ አየሁ።

«አንተ! እጅህን! እጅህን አንሳ!»

በሹራባቸው ጎተትኳቸው። መደርደሪያው ወረደ። ብልቃጦቹ ተሰባበሩ፣ ወፍጮው ማንቆርቆሪያውን መትቶ ገለበጠው፣ የፈላው ውሃ እጃቸው የነበረበትን ቦታ አጥቦ ሚዛኑ ላይ ፈሰሰ። የእኔም ስኒ አረፈ፤ መሬት ላይ። የቡና ፍሬ ከሶፋው ሥር እስከ በሩ ድረስ ተንከባለለ። ድመቷ ከፍሪጁ ላይ አልተንቀሳቀሰችም።

ክቡር ሚዛን የተሰበረውን አላዩም። እኔን ነው የሚያዩት።

«ምን አሉኝ?»

«ይቅርታ ጋሼ፤ ደንግጬ ነው።»

«ይቅርታውን ይተዉት። ምን አሉኝ?»

«እጅህን አንሳ አልኩ።»

«ከዚያ በፊት።»

«አንተ… አንተ አልኩ መሰለኝ።»

«ብለዋል» አሉ።

የተበተነ ቡና ሳያራግፉ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ፍሬው ከሥራቸው ተንቋቋ።

«ታላቅ እህት ነበሩኝ» አሉ። እህታቸውንም አንቱ ነው የሚሉት። «ሩቅ ነበር የሚኖሩት። በየእሑዱ ይደውላሉ። ‹አንተ ልጅ፣ በላህ?› ይላሉ። ፀጉሩ ያለቀውን ሰውዬ ‹አንተ ልጅ›። ‹በልቻለሁ እታለም› እላለሁ። ‹ምን በላህ?› ይላሉ። አያምኑኝም ነበር።»

ሹራባቸውን የያዝኩበትን ቦታ በመዳፋቸው ደለደሉት።

«ባለፈው ክረምት አረፉ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ አንቱ ነው የሚለኝ። ባንክ አንቱ። ሐኪም ቤት አንቱ። እርስዎም አንቱ። ደግ ነው፤ ያስለመድኩት እኔ ነኝ። ግን…»

ግኑን አልጨረሱትም። ሪፖርተር ሳለሁ እንዲህ ያለ ዝምታ ሲመጣ ሌላ ጥያቄ አስከትል ነበር። አሁን ግን ዝቅ ብዬ ፍሬ መልቀም ጀመርኩ።

ጥቂት ቆይተው ተነሡ። ከጓዳ ሲመለሱ ክዳኑ የዛገ ቆርቆሮ ይዘዋል፤ ከሩዙ ከረጢት ጀርባ ደብቀውት ኖሯል። ፊቴ ቆሙና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንተ» አሉ። ከዚያ አላለፉም። እንደገና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንተ… ስኳር ይጨምራሉ?»

መጥሪያው አንተ፣ ግሱ አንቱ። የሰው ጽሑፍ ሳርም ነው ያረጀሁት። እንዲህ ያለ ስሕተት አግኝቼ ቀይ እስክሪብቶ ያላማረኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

«እጨምራለሁ» አልኩ።

ሚዛኑ ሞቷል። ቴርሞሜትሩ ተሰብሯል። ለራሳቸው ብለው ቀድመው የፈጩት ትንሽ ዱቄት ማጣሪያው ውስጥ ሳይርስ ተርፎ ነበር። ለሁለታችንም ያንኑ አደረጉት። ሌላ ውሃ አፍልተው በዓይናቸው እየለኩ ቀዱ።

«ስንት ግራም ነው?» አልኳቸው።

«እንጃ» አሉ።

ሳያርፍ ጠጣነው። ቀጥኖ ነበር።

«ምን ምን ይላል?» አሉ።

«ቡና ቡና ይላል።»

ቀመሱና አሰቡ። «ይላል» አሉ። ያኔ ነው ያዘጋጀኋት መስመር ትዝ ያለችኝ። ከዚያ በኋላ ማቆየቷ ነውር መሰለኝ።

«ጋሼ፣ ሐኪም ቡና ከልክሎኛል። ከዛሬ በኋላ አልጠጣም።»

ስኒያቸውን አስቀመጡ። ማንቆርቆሪያውን አዩ። የወደቀውን እንጨት አዩ። ከዚያ እኔ የተቀመጥኩበትን ወንበር አዩ፤ መደገፊያውን።

«እንግዲያው ይሄ ወንበር…» አሉ።

«ሰው አለው» አልኩ።

አሁን የሚያፈሉልኝ ሙቅ ውሃ ነው። አዲስ ሚዛን ገዝተው ይመዝኑታል። ከቡናው የበለጠ ጊዜ ይፈጃል። «ገና ነው፤ እያረፈ ነው» ይሉኛል፤ እኔም እጄን እሰበስባለሁ። ምን ምን እንደሚልም ይጠይቁኛል። የስኳሩ ቆርቆሮ ከሩዙ ጀርባ ወጥቶ ጣቢያው ላይ ተቀምጧል፤ ነርሷ ግን ይህን ገና አልሰማችም።

አንተ ልላቸው ሞክሬ አልወጣ ብሎኛል፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። የሚወጣልኝ ስደነግጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ማንቆርቆሪያውን ባነሡ ቁጥር እደነግጣለሁ። «አንተ፣ እጅህን!» እላለሁ። እጃቸው ከእንፋሎቱ ሩቅ ነው፣ ይህን ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም እጃቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ፤ «ደህና ነኝ» ይላሉ።

የእሳቸው ግስ ግን እስካሁን አልተስተካከለም። «አንተ፣ ይግቡ» ይሉኛል። «አንተ፣ ይቀመጡ።»

ባለፈው ሰኞ ግን ድመቷን «ውረጂ» አሏት። አልወረደችም።